የላብ ኮምፒውተር ለምን ቶሎ ቶሎ ይበላሻል? ለደሴ ትምህርት ቤቶች የአይሲቲ መምህራን

እዚህ ያለው ዊንዶውስ 10 ፕሮ ለተጫነባቸው ዴስክቶፖች ነው። ሆም በሚባለው ላይ ከታች የተጠቀሱት ሎካል ዩዘርስና ሎካል ሴኩሪቲ ፖሊሲ አይገኙም።

ችግር፦ ጠዋት ያስተካከሉት ከሰዓት ተቀይሮ ይገኛል፤ ጌም ተጭኗል፣ ፓስወርድ ተለውጧል።

ምክንያቱ ተማሪውም መምህሩም በአንድ አድሚን (ሁሉን መቀየር በሚችል) አካውንት መግባታቸው ነው። መጀመሪያ ለራስዎ ሌላ አድሚን አካውንት በፓስወርድ ይክፈቱና ገብተው ይሞክሩት። መሥራቱን ካዩ በኋላ ብቻ የተማሪውን አካውንት ወደ ስታንዳርድ (ሥልጣኑ ወደተገደበው) ይቀይሩ። ቀጥሎ ኮምፒውተር ማኔጅመንት ውስጥ ሎካል ዩዘርስ ገብተው ተማሪው ፓስወርድ መቀየር እንዳይችል ምልክት ያድርጉ።

ችግር፦ አካውንቱ ስታንዳርድ ሆኖም ጌም ይከፈታል፤ የፍላሽ ፎልደሮች ሾርትከት ይሆናሉ።

ስታንዳርድ አካውንት ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ መጫንን ይከለክላል እንጂ ከፍላሽ በቀጥታ የሚነሳውን አያስቆምም። ፒያሳ ፎቶኮፒ ቤት ገብቶ የወጣ ፍላሽ ደግሞ ቫይረሱን ይዞ ላብ ይገባል።

ሎካል ሴኩሪቲ ፖሊሲ ይክፈቱ፤ ሶፍትዌር ሪስትሪክሽን ፖሊሲስ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው አዲስ ይፍጠሩ። ኢንፎርስመንት ውስጥ ከአድሚን በስተቀር ሁሉንም ተጠቃሚ እንዲመለከት ያድርጉ። ከዚያ ዴዚግኔትድ ፋይል ታይፕስ ውስጥ ኤልኤንኬ (የሾርትከት ፋይል) የሚለውን ያጥፉ። ይህ ከተረሳ የዴስክቶፕ ሾርትከቶች ለተማሪው አይከፈቱም፤ ብዙ ሰው ፖሊሲው አይሠራም ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ሲስተሙ 64 ቢት ከሆነ አዲሽናል ሩልስ ውስጥ ኤክስ 86 የሚል የተጨመረበትን ፕሮግራም ፋይልስ ፎልደር ይፍቀዱ፤ አለበለዚያ እዚያ የተጫኑ ፕሮግራሞች ይዘጋሉ። መጨረሻ ላይ ሴኩሪቲ ሌቭልስ ውስጥ ዲስአላውድን (ካልተፈቀደው በስተቀር ሁሉን ከልክል የሚለውን) ዲፎልት ያድርጉ። ሪስታርት አድርገው በተማሪው አካውንት ይግቡና ፍላሽ ላይ የገለበጡትን አንድ ፕሮግራም ለመክፈት ይሞክሩ፤ እምቢ ካለ ተሳክቷል።

የተማሪውን ፍላሽ ግን እባክዎ ፎርማት ለማድረግ አይቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ፋይሉ ተደብቆ እንጂ ጠፍቶ አይደለም። ቫይረሱን በአንቲቫይረስ ካጸዱ በኋላ ፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውንም ምልክት ያንሱ። የልጁ ሥራ ብቅ ይላል፤ ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡለት።

ችግር፦ ኢንተርኔት አለ፣ ግን ዌብሳይቶች ሁሉ ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም እያሉ አይከፈቱም።

ቀኑን ይመልከቱ። ማታ ማታ ቆጣሪው ሲጠፋ ሰዓቱን የሚያስቆጥረው የማዘርቦርዱ ባትሪ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ቀኑም ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል። የኃይል ገመዱን ነቅለው ሲአር 2032 የሚባለውን የ3 ቮልት ባትሪ ይቀይሩ፤ የመደመር ምልክት ያለበት ፊት ወደ ላይ ይሁን። ባትሪው ደህና ከሆነ የኢትዮጵያ ዓመት ተሞልቶ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ የሚፈልገው የፈረንጁን ነው። ታይም ዞኑ ናይሮቢ፣ ሲደመር 3 ይሁን።

ባትሪ ከቀየሩ በኋላ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው ማየትዎን አይርሱ። አሮጌ ማሽኖች ላይ ፓስወርዱ ጠፍቶ፣ ከፍላሽ ማስነሳትም እንደገና ተፈቅዶ ሊገኝ ይችላል።