ቦርዱን ከመርገምህ በፊት ኬብሉን ቀይር

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ራስበሪ ፓዩን፣ ማለትም በአንድ ቦርድ ላይ ያለችውን ትንሽ ኮምፒውተር፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ድረስ አመጣልኝ። «ጋሼ፣ ቦርዱ ሞቷል መሰለኝ፣ እየበራ ይጠፋል» አለኝ። ቦርዱ ምንም አልሆነም። ጥፋተኛው ከመንገድ ዳር የገዛው ክር የመሰለ የቻርጀር ኬብል ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ስንተኛው እንደሆነ መቁጠር ስላቆምኩ ልጻፈው አልኩ።

ፓይ 4 የሚባለው ሞዴል በ5 ቮልት እስከ 3 አምፔር የሚሰጥ ምንጭ ይፈልጋል። ቦርዱ ጋ ቮልቱ ከ4.63 ገደማ ሲወርድ ስክሪኑ ላይ የመብረቅ ምልክት ያወጣል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ከዚያም ከባሰ ይጠፋል። አሁን አስላው። ኬብሉ ደርሶ መልስ 0.3 ኦም ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪኩን የሚገታ ነገር) ቢኖረውና ቦርዱ 2 አምፔር ቢስብ፣ 0.6 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። 5 ሆኖ የወጣው 4.4 ሆኖ ደረሰ። ስራ ሳይበዛበት ደህና ይመስላል፣ ካሜራ ስትሰካበት ዝም ይላል፣ አንተ ደግሞ ካሜራውን ትረግማለህ። «ስልኬን ቻርጅ ያደርጋል እኮ» እንዳትለኝ! ስልክ ትንሽ ቢመጣለት ቀስ ብሎ ይሞላል፣ የራሱ ባትሪ አለው። ፓይ ስንቅ የለውም። አጭርና ወፍራም ኬብል ግዛ። ስትለካም ፓወር ባንኩ ጋ ሳይሆን ቦርዱ ጋ፣ ስራ ላይ እያለ ለካ።

10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት (mAh) የሚል ፓወር ባንክም 10,000 አይሰጥህም። ቁጥሩ የውስጡ ሴል በ3.7 ቮልት የሚይዘው ነው፣ በዋት ሰዓት 37። ወደ 5 ቮልት ሲያሳድገው የሚባክነውን ቀንሰህ 31 ገደማ ቢተርፍህ፣ 3 ዋት ለሚበላ ቦርድ አስር ሰዓት ነው። ያውም የተጻፈው እውነት ከሆነ። እንደ ላባ የቀለለ «50,000» በእጄ ይዤ አውቃለሁ፣ ወላሂ።

ትንሹ ሞዴል፣ ፓይ ዜሮ፣ ከሆነ ደግሞ የሚስበው ከማነሱ የተነሳ አንዳንዱ ፓወር ባንክ ስልኩ የሞላ መስሎት ራሱን ይዘጋል። መብራት ሲሄድ ይተካልኛል ብለህ ቻርጅ ላይ የተውከውም ሲቀያየር ለቅጽበት ሊያቋርጥብህ ይችላል። ሜሞሪ ካርዱን ለማበላሸት ያቺ ቅጽበት ትበቃለች።

አሁን የራሴን ልናዘዝ። የባጃጅ ባትሪ 12 ቮልት ነው፣ ወደ 5 ለማውረድ ቡክ ኮንቨርተር ገዛሁ። እነዚህ ብሎን እያዞርክ ቮልታቸውን የምታስተካክላቸው ናቸው። እኔ ሳልለካ፣ ያውም መከላከያ በሌለው በ5 ቮልቱ ፒን በኩል ሰካሁት። ሽታው እስከ ማታ ከቤት አልወጣም፣ ባለቤቴ ዛሬም ታነሳብኛለች። መጀመሪያ ባዶውን ለካ፣ 5.1 ላይ አድርገው፣ ከዚያ ቦርዱን አገናኝ። በ7805፣ ትርፉን ቮልት ወደ ሙቀት እየቀየረ በሚያወርደው ቺፕ፣ አወርዳለሁ የምትል ከሆነ፣ በ1 አምፔር 7 ዋት ሙቀት ነው፣ ቡና ታፈላበታለህ።

ከአሮጌ ላፕቶፕ ሴል ፈልቅቀህ አውጥተህ ከሆነ ያበጠውን አትንካው። ደህናውንም ከ4.2 ቮልት በላይ አትሙላው፣ ያለ መከላከያ ሰርኪዩትም አትጠቀምበት።

ልጁን «አብሽር» ብዬ የኔን ኬብል ሰጥቼው ወረደ። ቦርዱ እየሰራ ነው አሉ። ኬብሌን ግን እስካሁን አልመለሰልኝም።