ለመንግሥት ትምህርት ቤት በጀት ስንሟገት ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ተማሪው ሰነፍ ተባለ፣ መምህሩም ተወቀሰ። ያ ልጅ በተማረበት ትምህርት ቤት በዓመት ስንት ብር ለመጽሐፍ፣ ለቤተ ሙከራና ለወንበር እንደዋለ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ጥያቄውን የሚያነሱ ወላጆችና መምህራን አሉ፤ ብዙዎቹ ሞክረው፣ ደጅ ጠንተው፣ ደክሟቸው ይተዉታል። ጥያቄያቸው እውነት ሆኖ ሳለ መንገድ ላይ የሚያስቀሯቸው ስህተቶች ያስቆጩኛል።

አቤቱታውን ለማይመለከተው ማቅረብ

ብዙ ሰው በቀጥታ ትምህርት ሚኒስቴርን ይወቅሳል። ሚኒስቴሩ ፖሊሲና ደረጃ ያወጣል፤ በሰፈራችሁ ላለው ትምህርት ቤት የመምህር ደመወዝና የሥራ ማስኬጃ የሚመድበው ግን እሱ አይደለም። የፌዴራል መንግሥት ድጎማውን ለክልሎች የሚያከፋፍለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በወሰነው ቀመር ነው። ክልሉ ደግሞ በራሱ ቀመር አስልቶ ለወረዳዎች ያወርዳል። ብሎክ ግራንት የምንለው ይህ ገንዘብ ወረዳ ሲደርስ ይህን ያህሉ የትምህርት ነው የሚል ማሰሪያ የለበትም። ለጤና፣ ለግብርና፣ ለመንገድና ለትምህርት የሚደርሰውን የሚደለድለው የወረዳው ካቢኔ ነው፤ የሚያጸድቀው ደግሞ የወረዳው ምክር ቤት። ስለዚህ መጀመሪያ ልታነጋግሩት የሚገባው ሰው የቀበሌያችሁ ተወካይ የሆነው የምክር ቤት አባል ነው። የመረጣችሁት ሰው ማን እንደሆነ ካላወቃችሁ ሥራው ከዚያ ይጀምራል።

በመስከረም መጮህ

ልጆች ለአንድ ወንበር አራት ሆነው ሲቀመጡ የሚታየው በመስከረም ነው፤ ስለዚህ ቁጣውም በመስከረም ይነሣል። የበጀት ዓመቱ ግን ሐምሌ 1 ጀምሯል፣ ድልድሉም አልቋል። እንደየወረዳው ቀኑ ቢለያይም ዕቅድ የሚዘጋጀው፣ ጽሕፈት ቤቶችም በበጀት ስሚ ላይ፣ ማለትም የበጀት ጥያቄያቸውን አቅርበው በሚያስረዱበት መድረክ፣ የሚከራከሩት ከክረምቱ በፊት ባሉት ወራት ነው። የትምህርት ቤታችሁ ፍላጎት በጽሑፍ ተዘጋጅቶ በዚያ ጊዜ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ እጅ መግባት አለበት። ጊዜው ካመለጣችሁ የቀረው በር የበጀት ዝውውርና ተጨማሪ በጀት ነው፤ እሱም ጠባብ ነው።

ጠቅላላ ድምሩን ሰምቶ መመለስ

ከሁሉም በላይ የሚጎዳን ይህ ይመስለኛል። ስብሰባ ላይ «ከወረዳው በጀት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ትምህርት ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ ወላጁም ይረካና ወደ ቤቱ ይሄዳል። የወረዳውን የበጀት ሰንጠረዥ ተቀብላችሁ የሒሳብ መደቦቹን፣ ማለትም የየወጪውን ዓይነት የሚለዩትን ቁጥሮች፣ አንድ በአንድ በጣታችሁ ተከተሉ። 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ከአብዛኛው ወረዳ የትምህርት በጀት ብዙው የሚያልቀው እዚህ መስመር ላይ ነው። ከዚያ ወረድ ብላችሁ 6215ን ፈልጉ፤ የትምህርት ዕቃ የሚገዛበት ነው። ከጎኑ 6217 ነዳጅን፣ 6231 ውሎ አበልን አነጻጽሩ። የትምህርት ዕቃው ከውሎ አበሉ አንሶ ከተገኘ ለምክር ቤቱ የምታነሡት ጥያቄ በእጃችሁ ገባ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ ጥያቄው ከደመወዙ ይቀነስ የሚል መሆን የለበትም። መምህሩ የቤት ኪራይ መክፈል አቅቶት፣ ከሥራ በኋላ ሌላ ሥራ ፍለጋ የሚሮጥበት ጊዜ ነው። የሚጠየቀው ደመወዙ እንዳለ ሆኖ ሥራ ማስኬጃው እንዲጨምር ነው። ወላጅና መምህር በአንድ ቁራጭ ገንዘብ ላይ ከተጣሉ የሚጎዳው ልጁ ነው።

ፍትሕ የሚጓደልበት ሌላም ቦታ አለ። ስኩል ግራንት የሚባለው፣ ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ፣ የሚሰላው በዋናነት በተማሪ ቁጥር ነው። ውኃ፣ መብራትና አጥር ያለው የከተማ ትምህርት ቤትና ግድግዳው የፈረሰ የገጠር ትምህርት ቤት ተማሪያቸው እኩል ከሆነ ተቀራራቢ ገንዘብ ያገኛሉ። አንዱ መጻሕፍት ሲገዛበት ሌላው ጣራ ይጠግንበታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶችን በእኩልነት የመጠቀም መብት ይሰጣል፤ መንግሥትም ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። በአቤቱታችሁ ላይ ጥቀሱት።

ያለ ማስረጃ ማማረር

«ትምህርት ቤታችን ተበድሏል» የሚል ደብዳቤ መዝገብ ቤት ይገባና እዚያው ይቀራል። የክፍል ተማሪ ጥምርታ፣ የመጽሐፍ ጥምርታ፣ በኢንስፔክሽን (በትምህርት ቤቶች የጥራት ፍተሻ) የተሰጠው ደረጃ ይጻፍ። «በ7ኛ ክፍል አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ለአምስት ልጅ ይደርሳል» ብሎ የመጣን ወላጅ መሸኘት ይከብዳል። መረጃው ከተከለከላችሁ አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥትን መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ።

ርእሰ መምህሩን መነጠል

ርእሰ መምህሩ ችግሩን ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ ሹመቱ ግን በወረዳው እጅ ነው። ብቻውን እንዲናገር አትግፉት። ጥያቄው በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ የሁሉም ፊርማ ይኑርበት።

የበጀትን ክፍተት በመዋጮ መድፈን

ወላጆች በጉልበታቸውና በገንዘባቸው የሠሯቸው መማሪያ ክፍሎች ብዙ ናቸው፣ ክብር ይገባቸዋል። አደጋው መዋጮው ልማድ ሲሆን ነው። ወረዳው በሚቀጥለው ዓመት «ኅብረተሰቡ ይሸፍነዋል» ብሎ ያቅዳል። መክፈል የሚችል ሰፈር ይለወጣል፣ የማይችለው ባለበት ይቀራል። መዋጮውን ባለመክፈሏ እናቷን እንድታመጣ ከክፍል የምትወጣ ልጅ ካለች ደግሞ ነገሩ መዋጮ መሆኑ ቀርቷል።

በውጭ አገር ያሉ የቀድሞ ተማሪዎች ገንዘብ አሰባስበው ሕንፃ ሲያሠሩም ያው ነው። ወንበሩን ማን ይገዛል? መምህሩንና ጥበቃውን ማን ይቀጥራል? የመሠረት ድንጋዩ ከመጣሉ በፊት የወረዳው ድርሻ በውል ይጻፍ፣ በቀጣዩ ዓመት በጀትም ይካተት።

በጀቱ ጸደቀ ብሎ መተው

የጸደቀ ገንዘብ ሁሉ ሥራ ላይ አይውልም። ወደ ሌላ ይዛወራል፣ ይዘገያል፣ ወይም በሰኔ በጥድፊያ ለማያስፈልግ ዕቃ ይወጣል። ስለዚህ በጥር፣ ግማሽ ዓመቱ እንዳለቀ፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ በ6215 ለትምህርት ዕቃ ከተያዘው ስንቱ ወጣ? ምን ተገዛ? ዕቃው የትኛው ትምህርት ቤት ገባ? መልሱ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ለትምህርት ቤቱ ደረሰ የተባለውም ዕቃ በንብረት ክፍሉ የገቢ ደረሰኝ ይመሳከር።