ገና ሲደርስ፦ ከገሃድ እስከ ፍስክ እንዴት እንዘጋጅ

መጀመሪያ ቀኑን እንያዝ፣ ብዙ ሰው እዚ ጋ ይምታታበታል። ገና ታኅሣሥ 29 ነው ግን በ4 ዓመት አንዴ በዘመነ ዮሐንስ 28 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜን 6 ሆና ካለፈች በኋላ ያለው ዓመት ማለት ነው፤ 2016 ላይ እንደዛ ነበር፣ ቀጣዩ 2020 ነው። ውጭ ያላችሁ አትጨነቁ፣ በፈረንጁ ጃንዋሪ 7 ብላችሁ ያዙት። ግን ዲሴምበር 25 የተዘጋው መሥሪያ ቤት በኛ ገና ቀን ክፍት ስለሆነ ፈቃድ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፣ ቤተክርስቲያን አድሮ ጠዋት ሺፍት መግባት የሚቻል ነገር አይደለም።

ጾሙ ኅዳር 15 ነው የሚገባው፣ ነቢያት ጌታ ይወለዳል እያሉ የጠበቁበት መታሰቢያ ነው፣ ለዛ ነው ጾመ ነቢያት የሚባለው። የመጨረሻው ቀን ገሃድ ነው፣ እሱን ጠንከር አድርጎ መጾም ነው። በነገራችን ላይ ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ቢውልም ይበላል፣ ገሃድ የሚጾመው አንዱ ለዛ ነውና "ዛሬ እኮ ዓርብ ነው" ብሎ ወጡን የሚገፋ ዘመድ ካለ በትህትና ንገሩት።

አሁን ወደ ዶሮው። ችግሩ ምንድነው፣ ወጡ የሚሠራው በጾም ነው፣ ቅቤ ከገባበት በኋላ ደሞ መቅመስ የለም። እናቶቻችን በማሽተት ብቻ ጨው መብዛት ማነሱን ያውቁታል፣ እኛ ግን ጀማሪ ስለሆንን ዘዴ ያስፈልገናል። ዘዴው ቁሌቱን በዘይት ብቻ ከ2 ቀን በፊት መሥራት ነው። ለ1 ዶሮ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉ፣ መጀመሪያ ያለ ዘይት ውሃው እስኪመጠጥና ቀለሙ እስኪቀየር በቀስታ አቁላሉት፣ ከዛ ዘይት፣ ከዛ በርበሬ፣ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ቢያንስ 1 ሰዓት አብስሉት፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ መሽተቱን ሲተው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። ይሄ እስካሁን የጾም ምግብ ስለሆነ ከጾም ሰዓት በኋላ በእንጀራ ጫፍ ቀምሳችሁ ጨውን አስተካክሉና ፍሪጅ አስገቡት። ብቻ ጨዉን ትንሽ ቀነስ አድርጉት፣ ዶሮው በሎሚና በጨው ታጥቦ ስለሚገባ ይጨምራል። ገሃድ ማታ ቁሌቱን አሙቁ፣ ንጥር ቅቤ ጨምሩ፣ 12 ብልት የወጣውን ዶሮ አስገቡ፣ ሲበስል መከለሻ፣ መጨረሻ ላይ የተቀቀለ እንቁላል። ቤት ውስጥ የማይጾም ልጅ ካለ ቅመስልኝ ማለት ይቻላል ግን ልጅ ሁሉንም "ይጣፍጣል" ነው የሚላችሁ።

ድፎው ቀላል ነው፣ ጾም ስለሆነ ገሃድ ከሰዓት በኮባ ቅጠል ጋግራችሁ ጨርሱ።

ማታ ቤተክርስቲያን ነው። ማኅሌቱ ቀድሞ ይቆማል፣ ቅዳሴው ሌሊት ነው፣ የሚነገረውም ጌታ በቤተልሔም በከብቶች በረት መወለዱን፣ ምሥራቹንም ከሁሉ ቀድመው የሰሙት ሌሊት መንጋ ሲጠብቁ የነበሩ እረኞች መሆናቸውን ነው፣ ጧፍ ይዞ መቆሙ ያኔ ትርጉም ይሰጣል። ነጠላው ለማማር ነው እንጂ አያሞቅም፣ የታኅሣሥ ብርድ አጥንት ይሰብራል፣ ጋቢ ደርቡ። ጫማ ስለሚወልቅ ወፍራም ካልሲ አድርጉ፣ ቢቻል ያልተቀደደ።

አቅሙ ያለው ደሞ ላሊበላ ይሂድ። እዛ የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደትም በዚሁ ቀን ነው የሚከበረው፣ ጠዋት ከዓለት በተፈለፈለችው ቤተ ማርያም ጋ ቤዛ ኩሉ የሚባለው ዝማሬ ይዘመራል፣ ካህናቱ ግማሹ ቋጥኙ ጫፍ ላይ ግማሹ ታች ግቢው ውስጥ ቆመው ከበሮና ጸናጽል ይዘው ይቀባበላሉ። ማረፊያ ከወራት በፊት ካልያዛችሁ ጋቢያችሁ ውስጥ ነው የምታድሩት፣ ቦታ ለማግኘትም ቅዳሴው ሳያልቅ ቋጥኙ አካባቢ መሆን አለባችሁ።

ከቅዳሴ መልስ ቤት ስትገቡ እንኳን አደረሳችሁ ተባባሉ፣ ዳቦው በትልቅ ሰው ተባርኮ ይቆረስ፣ ከዛ ፍስክ። ከ40 ቀን በላይ ጾማችሁ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቅቤ የተንሳፈፈበት ወጥ መዘርገፍ ሆድን ማስቀየም ነው፣ መጀመሪያ ተልባ ጠጡ፣ ትንሽ ቅመሱና ተኙ፣ ዋናው ምሳ ላይ ነው። ቅርጫ የገባችሁ መደባችሁን ጠዋት ሄዳችሁ ውሰዱ፣ ከሰዓት በኋላ የሚደርስ ሰው የሚጠብቀው አጥንት ነው።

ዛፍ ማብራት ከፈለጋችሁ አብሩ፣ ከውጭ የመጣ ነው፣ ማንም አይጣላችሁም። እኔ ግን ለልጆች ከዛፉ ይልቅ የገና ጨዋታ ባሳያቸው እመርጣለሁ። በአፈ ታሪክ እረኞቹ ልደቱን ሰምተው በደስታ በዱላቸው የተጫወቱት ነው ይባላል። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ፈልጉ፣ ሩሯን፣ ማለትም ኳሷን፣ ከእንጨት ጠርባችሁ አድቦልቡሉ፣ ሜዳውን ለሁለት ክፈሉ፣ ሩሯን ገፍቶ ተቃራኒ መስመር ያሳለፈ አገባ ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል ግን ለትንንሾቹ ሩሯን ከጨርቅ ሥሩላቸው፣ የእንጨቷ ቁርጭምጭሚት ላይ ስታርፍ ጌታም ቢሆን ይቆጣል።