ለእናት አባት ገጠር ቤት ልትሠሩ ካሰባችሁ

ፒያሳ፣ አራት ኪሎ ወይ ካዛንቺስ እየኖራችሁ፣ ገጠር ያለውን የእናት አባት የጭቃ ቤት በብሎኬት ልትተኩ ያሰባችሁ፣ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

ከሁሉ በፊት ደረጃውን አስቡበት። ግንበኛ ለዝናቡ ብሎ ወለሉን ከፍ ያደርገዋል፤ ትክክል ነው። ጉልበቷን ለሚያማት እናት ግን ሦስት ደረጃም ዳገት ነው። ከጎኑ ራምፕ፣ ማለትም ደረጃ የሌለው ተዳፋት መወጣጫ፣ አሠሩ። ስሌቱ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። ወለሉ ከግቢው 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ራምፑ 5 ሜትር ከ40 ይፈጃል። ቦታው ፕላኑ ላይ ካልተያዘ በኋላ ከየትም አይመጣም። ላዩ ደግሞ ሊሾ አይሁን፤ ሲዘንብ ያንሸራትታል።

ከመርካቶ በር ስታዝዙ የመታጠቢያ ቤቱን አደራ። ብዙ ጊዜ ጠባቡ በር የሚገጠመው እዚያ ነው። ዊልቸር እንዲያልፍ ክፍተቱ፣ ቋሚው ሳይቆጠር፣ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ወደ ውጭ ይከፈት። ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ሰው ውስጥ ቢወድቅ በሩን ገፍቶ መግባት አይቻልም።

ሽንት ቤቱ አጠገብ ይዘውት የሚነሡበት፣ ግድግዳው ላይ በብሎን የሚታሰር የብረት መያዣ ያስፈልጋል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ብሎኑ በቀላሉ ይነቀላል። መያዣው የሚያርፍበት ብሎኬት ገና ሲገነባ በኮንክሪት ይሞላ።

አሮጌውን ቤት አዲሱ ሳያልቅ አታፍርሱ። በስተርጅና ሰው ቤት መጠጋት ይከብዳል። ማብሪያ ማጥፊያው ከመገጠሙ በፊትም አባባን ወንበር ላይ አስቀምጧቸውና እጃቸው የሚደርስበትን ግድግዳው ላይ በጠመኔ አስምሩ።