የደን ካርበን ውል ከመፈረማችሁ በፊት

የደን ማኅበር አባል ከሆናችሁ፣ ወይም ገጠር ያሉ ዘመዶቻችሁ ደውለው "የካርበን ገንዘብ ሊመጣልን ነው" ካሏችሁ ይህን አንብቡ። ስንት ይከፈለናል ከማለታችሁ በፊት የምንሸጠው ምንድነው በሉ።

ዛፉ አይሸጥም፣ መሬቱም አይሸጥም። የሚሸጠው ደኑ ቢጨፈጨፍ ኖሮ ወደ አየር ይወጣ የነበረው፣ ወይም ደኑ ሲያገግም ከአየር የሚስበው ካርበን ዳይኦክሳይድ ነው። የሚሸጠው በክሬዲት ተቆጥሮ ነው፤ አንድ ክሬዲት አንድ ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ ነው። ገዢው፣ ማለትም የራሱን ልቀት ለማካካስ የሚፈልግ ድርጅት፣ የሚከፍለው በእናንተ ጥበቃ ለመጣው ለውጥ ብቻ ስለሆነ፣ ድሮም ማንም የማይነካው ደን ብዙ ክሬዲት አያወጣም። ውሉ ላይ መለኪያውን አጣሩ። አንድ ቶን ካርበን ማለት 3.67 ቶን ገደማ ካርበን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሁለቱ ከተምታቱ ከገንዘባችሁ ከሁለት ሦስተኛው በላይ ሊቀር ይችላል።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ወላይታ ሁምቦ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከለለ፤ ሰዉ ከጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየመለመለና እየጠበቀ ደኑን መለሰው። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ያዙት፣ ወርልድ ቪዥን ደገፈ፣ በዓለም ባንክ በኩል ባዮካርበን ፈንድ የተባለው የካርበን መግዣ ገንዘብ 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ። በ30 ዓመት 880,000 ቶን ይገኛል ተብሎ ነበር የታሰበው። ስታካፍሉት ለአንድ ሄክታር በዓመት 11 ቶን አይሞላም። 11 ነው እንበልና ቶኑ በ5 ዶላር ቢሸጥ፣ 300 ሄክታር ያለው ማኅበር በዓመት 16,500 ዶላር ያገኛል፤ 400 አባወራ ቢካፈለው ለአንድ ቤት 41 ዶላር ገደማ ነው፣ እሱም ወጪ ሳይቀነስ። ደላላው ሚሊዮን ሲጠራ ይህን ሒሳብ ፊቱ ሥሩ።

የአውሮፓን ዋጋም ያሳያችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የአውሮፓ ኅብረት የልቀት ፈቃድ (ካርበን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር የመልቀቅ ፈቃድ) በቶን ከ100 ዩሮ በላይ ወጥቶ ነበር። ግን እሱ ፋብሪካዎችና የኃይል ማመንጫዎች በሕግ ተገደው የሚገዙት ነው፤ የፈቃዱ ብዛትም በየዓመቱ እንዲቀንስ ስለሚደረግ ይወደዳል። የደን ክሬዲት እዚያ ገበያ ተቀባይነት አግኝቶ አያውቅም። የእናንተን ክሬዲት አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ማንም ያላስገደደው ድርጅት ነው፤ ስለዚህ ዋጋው ይረክሳል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2023 ለኦሮሚያ ደን ፕሮግራም ለ4 ሚሊዮን ቶን እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር ተዋውሏል፣ በቶን 10 ዶላር ማለት ነው። ግጦሹን ትቶ ከብት ለሸጠ ገበሬ ይህም በጣም ያንሳል ባይ ነኝ። ቢሆንም ድርድሩን ከዚያ ጀምሩ እንጂ ከ2 ዶላር አትጀምሩ።

ገንዘቡ የሚጠፋው በብዛት አንድ ቃል ላይ ነው። "ከትርፉ 60 በመቶ" እና "ከሽያጩ 60 በመቶ" የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ወጪውን መዝጋቢው ክሬዲቱን የሚሸጥላችሁ ኩባንያ ራሱ ከሆነ ትርፉ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ከሽያጩ ይሁን በሉ። እሺ ካላለ የልኬት፣ የአረጋጋጭና የምዝገባ ወጪ ጣሪያ ይቀመጥለት፣ የሽያጭ ደረሰኙም ለማኅበሩ ይቅረብ። ዝቅተኛ ዋጋ ይጻፍ፣ በየአምስት ዓመቱም ይከለስ፤ ምክንያቱም 30 ዓመት ማለት ዛሬ የተወለደ ልጅ ቤተሰብ መሥርቶም ውሉ አላለቀም ማለት ነው።

እሳት ቢነሳስ? በታወቁት የካርበን ደረጃዎች (ክሬዲት የሚመዘገብባቸው ደንቦች) ለዚህ ተብሎ ከክሬዲቱ የተወሰነው በመጠባበቂያነት ይያዛል። ከዚያ አልፎ ማኅበሩ ካሳ ይክፈል የሚል አንቀጽ ካለ አስወጡት።

ማገዶ የሚለቅሙት እናቶችና ከብት የሚያሰማሩት ልጆች ወዴት እንደሚሄዱም ሳይጻፍ አይታለፍ። ወደ ጎረቤት ደን ከገቡ እዚያ የጠፋው ከእናንተ ክሬዲት ይቀነሳል። ስለዚህ ሴቶች የሌሉበት ስብሰባ ላይ ውሉ አይጽደቅ።

የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደን ባለቤትነትን ያውቃል፤ የይዞታ ማረጋገጫችሁን ሳትይዙ ለድርድር አትቀመጡ። ኩባንያው የካርበን ክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች በሆኑት በቬራ ወይም በጎልድ ስታንዳርድ ተመዝግቤያለሁ ካለ የሁለቱም መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው፣ በፕሮጀክቱ ስም ፈልጉ። የመመዝገቢያ ክፍያ ከማኅበሩ ካዝና ከጠየቀ እምቢ በሉ። ውሉ እናንተ በምትናገሩት ቋንቋ ተጽፎ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ጮክ ተብሎ ተነቦ፣ አንድ ቅጂ ማኅበሩ ጋ ይቀመጥ።