ለተርኪ አደን ሰደርያ ያስፈልገኛል ወይ? ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት እንደምትወስኑ

በመጀመሪያው የአደን ዓመቴ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ ተደግፌ ተቀምጫለሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ከጉብታው ማዶ አውራ ተርኪ (ተርኪ ትልቅ የዱር ወፍ ነው) ይጮሃል። የተርኪ ድምፅ በሚያስመስል መጥሪያ እጠራዋለሁ፣ ይመልስልኛል። ድምፁ እየቀረበ መጣ። እኔ ግን የተቀመጥኩት እርጥብ ሥር ላይ ነበር። ሱሪዬ በጤዛ ርሷል፣ ግራ እግሬ ደንዝዟል። ሃያ ደቂቃ ያህል ቻልኩት። ከዚያ ዳሌዬን በጣም ትንሽ አንቀሳቀስኩ። ከቁጥቋጦው ጀርባ አንድ አጭር የማስጠንቀቂያ ድምፅ፣ ቀጥሎ የክንፍ ድምፅ ሰማሁ። ወፉን በዓይኔ እንኳ ሳላየው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አደን የሚጀምሩ ጓደኞቼ «ሰደርያ ልግዛ እንዴ?» ሲሉኝ መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ «ሳትንቀሳቀስ ስንት ደቂቃ መቀመጥ ትችላለህ?»

አገር ቤት ንቁ ሰውን «ቆቅ ነው» እንላለን። የዱር ተርኪ ከቆቅም ይብሳል። ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ አንገቱን ሳያዞር 270 ዲግሪ ያህል ያያል። ቀለም ይለያል። ጆሮውም ስል ነው። ማሽተት ላይ ግን ደካማ ስለሆነ ቡናችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ምንም አይደለም። የሚያጋልጣችሁ እንቅስቃሴ ነው።

የተርኪ ሰደርያ ሠርግ ላይ ከኮት ሥር እንደምንለብሰው ሰደርያ እጅጌ የለውም፣ መመሳሰላቸው ግን እዚያ ላይ ያበቃል። ከኋላው ወፍራም የስፖንጅ መቀመጫ ታጥፎ ተያይዞበታል፤ ልትቀመጡ ስትሉ ወርዶ ከሥራችሁ ይነጠፋል። ከፊት ለመጥሪያዎች ተለክተው የተሰፉ ኪሶች አሉት። ከጀርባ ደግሞ ሰፊ ኪስ አለ፤ ዲኮይ የሚባለው የፕላስቲክ ተርኪ፣ ከቀናችሁም ያደናችሁት ወፍ ይገባበታል። ዋጋው ከ50 ዶላር አካባቢ ይጀምርና 200ን ያልፋል። ልበሱ የሚል ሕግ የለም። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት በሚከተለው መንገድ አስቡበት።

1. ዕቃችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉት

ጫካ ይዛችሁ የምትገቡትን ሁሉ አውጡ። ቦክስ ኮል የሚሉት የእንጨት ሳጥን፣ ክቡ ፖት ኮልና መፈተጊያ ዱላው፣ አፍ ውስጥ የሚገባው ትንሹ መጥሪያ፣ የጉጉት ወይም የቁራ ድምፅ ማሰሚያ፣ ጠመኔ፣ ጓንት፣ የፊት መሸፈኛ፣ ጥይት፣ ቢላ፣ ባትሪ፣ ውሃ፣ ስልክ፣ የአደን ፈቃድ።

አሁን እያንዳንዱን አንሱና «ባለፈው ተጠቅሜበታለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንድ ሰው በአፍ መጥሪያ ብቻ ያድናል። ለእሱ የሸሚዝ ኪስ ይበቃዋል፣ ሰደርያ ትርፍ ወጪ ነው። ጀማሪ ግን ብዙ ጊዜ ቦክስ ኮልና ፖት ኮል ይቀሉታል፣ እነሱ ደግሞ ሱሪ ኪስ ውስጥ አይገቡም። ሦስት አራት ዕቃ ቦታ ካጣ ሰደርያው ትርጉም አለው።

ምግብን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። የቨርጂኒያ ወቅት የሚከፈተው በኤፕሪል አጋማሽ አካባቢ ስለሆነ ከዐቢይ ጾም መጨረሻ ወይም ከፋሲካ ሰሞን ጋር ይገጣጠማል። ለጾመኛም ለሌላውም ቆሎ የመሰለ ስንቅ የለም። ግን በፌስታል አትያዙት። ፌስታል ጸጥ ባለ ጫካ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ከሩቅ ይሰማል። ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ አድርጉት።

2. አካሄዳችሁን እወቁ

ተቀምጣችሁ ትጠብቃላችሁ ወይስ እየተራመዳችሁ ትፈልጋላችሁ? በምሥራቁ ጫካ ብዙ ሰው ገና ሳይነጋ ተርኪዎቹ ያደሩበትን ዛፍ ተጠግቶ ይቀመጣል። እዚህ ላይ የሰደርያው መቀመጫ ዋጋ አለው። በምዕራብ ተራሮች ሜሪያምስ የሚባለውን የተርኪ ዝርያ የሚያድን ሰው ደግሞ ረጅም ርቀት ሽቅብ ቁልቁል ይሄዳል። ለእሱ ቀላል የጀርባ ቦርሳ ይሻለዋል። ፍሎሪዳ ውስጥ ኦሴዎላ የሚባለውን የምታድኑ ከሆነ ሙቀቱን አስቡ፤ ጀርባን በሙሉ የሚሸፍን ሰደርያ ላብ በላብ ያደርጋችኋል። ከትከሻ ማንገቻና ከወገብ ቀበቶ ብቻ የተሠራውን፣ ጀርባው ክፍት የሆነውን ዓይነት ፈልጉ።

በመደበቂያ ድንኳን ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ የምታድኑ ከሆነ ነገሩ እዚሁ አለቀ። ሰደርያ አያስፈልጋችሁም። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰውም የምመክረው ድንኳኑን ነው፤ ልጅ እንዲንቀሳቀስ ይፈቅድለታል።

3. መቀመጫውን ፈትኑ

ብዙ ሰው ኪስ እየቆጠረ ሰደርያ ይገዛል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው መቀመጫውን ነው። ሱቅ ውስጥ ከሆናችሁ ስፖንጁን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጨምቁት። ጣቶቻችሁ ሊነካኩ ከደረሱ ሥርና ድንጋይ ላይ አያድናችሁም። ውፍረቱ ቢያንስ ሁለት ኢንች ቢሆን እመርጣለሁ። ጨርቁ ውሃ የማያስገባ መሆኑንም እዩ፣ የንጋት ጤዛ ቀልድ አይደለም።

ቀጥሎ መቀመጫው እንዴት እንደሚወርድ ተመልከቱ። አንዳንዱ በማግኔት፣ አንዳንዱ በመቆለፊያ፣ አንዳንዱ በቬልክሮ ይያዛል። ቬልክሮ ሲላቀቅ የሚያወጣውን የመቀደድ ድምፅ ታውቁታላችሁ። ጎህ ሲቀድ፣ ተርኪው ከላያችሁ ዛፍ ላይ ሆኖ፣ ያ ድምፅ እንዲሰማ አትፈልጉም።

ሲራመዱስ? ያልታጠፈ መቀመጫ በእያንዳንዱ እርምጃ ከኋላ ዳሌን ይመታል። ለብሳችሁት ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ በሉ።

እንደ ትንሽ ወንበር የሚቆም፣ የራሱ የብረት እግር ያለው ሰደርያም አለ። ወገቡን ለሚያመው ሰው ጥሩ ነው፣ ዛፍ ሳይደገፍም ያስቀምጠዋል። ግን ይከብዳል። ደግሞም ዛፉን የምንፈልገው ለወገባችን ብቻ አይደለም። ከትከሻችሁ የሰፋ ግንድ መደገፍ ከኋላ በስህተት ለሚመጣ ጥይት መከለያ ነው። ብረት እግር አለኝ ብላችሁ ሜዳ ላይ አትቀመጡ።

4. ጠመንጃውን ትከሻችሁ ላይ አድርጉ

ይህን ቤት ውስጥ አድርጉት። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ሰደርያውን ጫካ በምትለብሱት ጃኬት ላይ ልበሱ። ግድግዳ ተደግፋችሁ መሬት ተቀመጡ፣ ጉልበታችሁን አጥፉ፣ የሾትገኑን በርሜል ጉልበታችሁ ላይ አሳርፉ። አሁን ሰደፉን ወደ ትከሻችሁ አምጡት።

የሰደርያው ማንገቻ ወፍራም ከሆነ ሰደፉ ቦታውን አያገኝም። ወይ ወደ ክንዳችሁ ይንሸራተታል፣ ወይ ጉንጫችሁ እንጨቱ ላይ በትክክል አያርፍም። የደረት ኪሱ የሞላ እንደሆነም ሰደፉ ኪሱ ላይ ይያዛል። ተርኪ የሚተኮሰው በቅርብ፣ ብዙ ጊዜ ከ40 ያርድ በታች ሆኖ፣ ጭንቅላትና አንገቱ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጠባብ ዒላማ ላይ የሁለት ጣት መዛነፍ ወፉን ያስመልጣል። ከዚህም የከፋው አቁስሎ መልቀቅ ነው፤ እኔ ለዚህ በጣም እጨነቃለሁ።

ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አሥር ጊዜ ያህል ሰደፉን አምጡት። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ካረፈ ሰደርያው ሆኖላችኋል። ካልሆነ ማንገቻውን አስተካክሉ፣ የተኳሽ ትከሻ በኩል ያለውን ኪስ ባዶ አድርጉ። ያም ካልሠራ መልሱት። የምትለማመዱበት ቦታ ሄዳችሁ ወረቀት ላይ ስትተኩሱም ሰደርያውን ለብሳችሁ ይሁን።

5. ዝለሉበት

ዕቃው ሁሉ ኪስ ውስጥ ከገባ በኋላ እዚያው ሳሎን ውስጥ ሁለት ሦስቴ ዝለሉ። ምን ተሰማ? ቦክስ ኮል ክዳኑ በትንሹ ከተንቀሳቀሰ ራሱ ይጮሃል፤ በላስቲክ እሰሩት ወይም ከክዳኑ ሥር ትንሽ ጨርቅ አድርጉ። የመኪና ቁልፍ ከሳንቲም ጋር አይሁን። ጥይቶች ለየብቻ ይቀመጡ።

ከዚያ እያንዳንዱ ዕቃ ቋሚ ቦታ ይኑረው። ሰደርያን ከቦርሳ የሚያስበልጠው ይህ ነው። ቦርሳ ስትከፍቱ ዞር ማለት አለባችሁ። ሰደርያ ሲሆን ዓይናችሁ ከጫካው ሳይነሳ እጃችሁ ብቻውን ወርዶ መጥሪያውን ያገኛል።

6. ቀለም፣ ከሁሉም በላይ

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። በተርኪ አደን ላይ ከሚደርሱ ከባድ አደጋዎች አንዱ ዓይነት፣ አዳኝ ሌላ አዳኝን ተርኪ መስሎት ሲተኩስ የሚደርሰው ነው። ምክንያቱም ሁላችንም ተደብቀን እንቀመጣለን፣ ሁላችንም የተርኪ ድምፅ እናወጣለን።

የአውራ ተርኪ ጭንቅላት ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነው። ሰውነቱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል። ስለዚህ ሰደርያው ላይ፣ በውስጡ፣ ወይም ከሥሩ በምትለብሱት ላይ እነዚህ ቀለማት አይታዩ። ነጭ ካልሲም ቢሆን፣ ቀይ መሀረብም ቢሆን፣ ሰማያዊ የውሃ ጠርሙስም ቢሆን። ከአንገት የሚወጣ ነጭ ካናቴራ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው።

ብርቱካናማውስ? ቨርጂኒያ ውስጥ አጋዘን በጠመንጃ በሚታደንበት ወቅት ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ መልበስ ግዴታ ነው። በኤፕሪልና በሜይ የተርኪ አደን ግን ግዴታ አይደለም፣ ብዙ አዳኝም ከራስ እስከ እግሩ ካሞፍላጅ፣ ማለትም ከጫካው ጋር የሚመሳሰል ልብስ፣ ይለብሳል። ሕጉ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ የአደን ፈቃድ የሰጣችሁን መሥሪያ ቤት የዚያን ዓመት መመሪያ እዩ። ተቀምጣችሁ ስትጠሩ ካሞፍላጅ ይሁን፣ ተነሥታችሁ ስትራመዱ ግን ብርቱካናማ ይታይ። አንዳንድ ሰደርያ ከኋላ ኪሱ የሚወጣ ብርቱካናማ ጨርቅ አለው። ሁለት ሰደርያ ዋጋውም ሌላውም እኩል ቢሆኑብኝ ይህ ያለውን እመርጣለሁ። ሰደርያ ባትገዙም ብርቱካናማ ኮፍያ ወይም ጨርቅ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

ከቀናችሁ ደግሞ፣ ሙሉ አውራ ተርኪ ከ7 እስከ 11 ኪሎ ይመዝናል። ጀርባችሁ ላይ ክንፉ ተንጠልጥሎ፣ ጭንቅላቱ እየተወዛወዘ አትሂዱ። ለሌላ አዳኝ በሕይወት ያለ ተርኪ ትመስላላችሁ። ኪሱ ውስጥ ክተቱት፣ የተረፈውን በብርቱካናማው ጨርቅ ጠቅልሉት።

ሌላ አዳኝ ወደ እናንተ ሲመጣ ካያችሁ እጅ አታውለብልቡ፣ በመጥሪያም ምልክት አትስጡ። ሳትንቀሳቀሱ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። «ሄይ! ሃንተር ሂር!» ይበቃል። ወፉ ይሂድ።

7. መዥገር

ሰደርያ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ስለዚህ መዥገር ይዞ ይመጣል። ቨርጂኒያና አካባቢዋ ሎን ስታር የምትባል መዥገር በብዛት አለች፤ ሴቷ ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ አላት። የእሷ ንክሻ አንዳንድ ሰው ላይ አልፋ-ጋል የሚባል አለርጂ ያመጣል። ያ ሰው የበሬ፣ የበግ፣ የፍየል ሥጋ በበላ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይታመማል፣ አንዳንዴም ለሕይወቱ ያሰጋዋል። ክትፎና ጥብስ ለሚወድ ሕዝብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

0.5 በመቶ ፐርሜትሪን ያለው የልብስ መርጫ ሱቅ ታገኛላችሁ። ሰደርያውን፣ በተለይ መቀመጫውን፣ ውጭ ሰቅላችሁ ርጩት፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ቆዳ ላይ አይቀባም። ድመት ካላችሁ እርጥቡ አጠገብ አትድረስ። ከአደን ስትመለሱም ሰደርያውን ሶፋ ላይ አትጣሉት፤ ጋራዥ ወይም በረንዳ ላይ ይሰቀል።

8. አሁን ወስኑ

አንድ ጠዋት ማልዳችሁ ተነሡ። በጓሯችሁ ወይም በቅርባችሁ ባለ ፓርክ ውስጥ ዛፍ ሥር፣ ያለ ጠመንጃ፣ ተራ የስፖርት ሜዳ መቀመጫ ትራስ ላይ ተቀመጡ። ከ10 እስከ 25 ዶላር ይገኛል። ስልካችሁን ከ45 ደቂቃ በኋላ እንዲጮህ ሙሉትና ሳትነቃነቁ ቆዩ። መጥሪያችሁን ሁለት ሦስቴ ከነበረበት አውጡና መልሱ።

ደቂቃው ሳይታወቃችሁ ካለቀ፣ ትራሱና አንድ የወገብ ቦርሳ ይበቋችኋል፤ የዘንድሮውን ወቅት በዚያው ጀምሩ። መቀመጫው ደህና ሆኖ ዕቃ ፍለጋ ስትገላበጡ ከቆያችሁ ደህና ኪስ ያለው ቀላል ሰደርያ ውሰዱ። ወገባችሁ ወይም እግራችሁ ካስነሳችሁ ደግሞ ስፖንጁ ወፍራም የሆነውን፣ ትንሽ ቢከብድም፣ ግዙ። የዋጋ ወረቀቱን ግን አትበጥሱት። ጠመንጃውንና ዝላዩን ቤት ውስጥ ሞክራችሁ እስክትጨርሱ ድረስ እንደተንጠለጠለ ይቆይ።