ወፍ ዋሻን ቀስ ብሎ ለመዞር

ሰሜን ሸዋ ያለው ወፍ ዋሻ ጫካ ለመግባት ጉልበተኛ መሆን አያስፈልግም። ዋናው ነገር አለመቸኮል ነው። አለመቸኮል ግን ለአንዳንዶቻችን ከጉልበትም ይከብዳል።

መጀመሪያ ስልክ ደውሉ። ደብረ ብርሃን ወይም ደብረ ሲና የሚኖር ሰው ፈልጋችሁ በዚያ ሰሞን መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። ሰሜን ሸዋ ለመሄድ ስታስቡ ይሄ መቅደም አለበት። ቀጥሎ ወሩን ምረጡ። ክረምት ላይ ጭቃው ያንሸራትታል፣ ጉሙም ምንም አያሳይም። ከጥቅምት ጀምሮ ጥሩ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ጠዋት ግን ውርጩ ጣት ይቆርጣል።

ከዚያ መንገድ መሪ ያዙ። ጫካው አጠገብ ተወልዶ ያደገ፣ ከብት ሲጠብቅበት የኖረ ሰው ከሆነ ይመረጣል። ክፍያውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። አንድ ነገር ደግሞ አስረግጣችሁ ንገሩት፦ ከፊት የሚሄደው ከመካከላችሁ በጣም ቀስ የሚለው ሰው ነው። ካልነገራችሁት በኮንጎ ጫማው እንደ ፍየል ይወጣና ከላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። እናንተ ስትደርሱ እሱ አርፎ ጨርሷል፤ እናንተ ግን ገና እያለከለካችሁ ጉዞው ይቀጥላል።

የምትይዙት ብዙ አይደለም። ውሃ፣ በሶ ወይም ቆሎ፣ ጋቢ፣ ምርኩዝ። ሱሪያችሁ ረጅም ይሁን። ሳማው በቁምጣ የመጣን ሰው አይምርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከደብረ ብርሃን በጉዶ በረት በኩል ወይም ከአንኮበር በኩል ከመጣችሁ ጉዞው የሚጀምረው በቁልቁለት ነው። ቁልቁለት ደግሞ ያታልላል። እየተጫወታችሁ ትወርዳላችሁ፤ ሒሳቡ የሚመጣው ስትመለሱ ነው። ስለዚህ ካላችሁ ጊዜ ሲሶውን ወርዳችሁ ተመለሱ። ጠዋት 2 ሰዓት ተነስታችሁ እስከ 8 ሰዓት ለመመለስ ካሰባችሁ፣ 4 ሰዓት ላይ ፊታችሁን አዙሩ። እያወራችሁ መሄድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከአክስቴ ነው። አንድ ቀን እየጎተትኳት ስንሄድ ኮሶ ዛፍ ሥር ቁጭ አለች። «ልጄ፣ ማን እያባረረን ነው?» አለችኝ። ቅርፊቱን በመዳፏ ዳበሰችው። ቀላ ያለ ነው፤ እየተላጠ በእጅ ይመጣል። ኮሶ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ እንደሚበቅል ያን ቀን ነው የሰማሁት። ቀላ ያለው እንደ ዘለላ የሚንጠለጠለው አበባ የሴቴው ነው። አባቷ ጥሬ ሥጋ ስለሚወዱ ይህንኑ አስወቅጠው በባዶ ሆዳቸው ይጠጡ ነበር። «ፊታቸውን ብታይ!» እያለች ሳቀች። መንገድ መሪያችንም ምርኩዙን አስቀምጦ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ በየሃያው ደቂቃ መቆም የግድ አድርጌዋለሁ።

ስትቆሙ የምታዩት አይጠፋም። ቅጠል ቆንጥሩና በጣታችሁ አሹት፤ ሽታው ካወዳችሁ ጥድ ነው። ጠፍጣፋና ጠባብ ቅጠል ያለው ዝግባ ነው። አዲስ አበባ አቅራቢያ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ጥድ ዘሩ ከወፍ ዋሻ ተወስዶ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ ይነገራል። ቅርንጫፍ ላይ ነጭ ጅራት ተንጠልጥሎ ካያችሁ ጉሬዛ ነው፤ ድምፃችሁን ቀንሱ። ወፍ የሚወድ ሰው አብሯችሁ ካለ ደግሞ ከገደሉ አፋፍ ቶሎ አታንሱት። ሳይንስ በአንኮበር ስም የሚጠራት ግራጫ መሳይ ትንሽ ወፍ የምትኖረው እዚያ አካባቢ ነው። ተመራማሪዎች ያገኟት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ያን ያህል ዘመን ማንም ልብ ያላላት ለምን እንደሆነ ስታዩዋት ይገባችኋል፤ ከድንጋዩ አትለይም።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ጋ ስትደርሱ ቁጭ በሉ እንጂ አትጠጉ። እነሱም ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ ነው የሚውሉት። ቆሎም ዳቦም አትወርውሩላቸው፤ ከለመዱ የገበሬውን ማሳ ነው የሚወሩት።

ሽቅብ ስትመለሱ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ ተጎንጩ። አፋፉ ላይ ለማምሸት ከወሰናችሁ ጭላዳዎቹን ተመልከቱ። ለአዳር ወደ ገደሉ መውረድ ሲጀምሩ ጋቢያችሁን ደርቡ፤ ብርዱ ወዲያው ነው የሚመጣው።